የመርዶ ነጋሪው ልደት

መካነ ሰላም ውስጥ ጋሽ አምባቸውን በማለዳ ደጁ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው የለም። ክፉ ሆኖ አይደለም። እንደሱ ያለ ሩኅሩኅ ሰው ከቦረና እስከ ጃማ በባትሪ ቢፈለግ አይገኝም። ሥራውም ቢሆን ማንንም አያስደነግጥም፤ ገበያው ዳር ተቀምጦ የበቅሎ ኮርቻ ይጠግናል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በከተማው ዘመዱ የሞተበት ሰው ገና አለመስማቱ ሲታወቅ፣ መርዶውን እንዲነግር የሚለመነው አምባቸው ነው።

ድምፁ እንደ ኑግ ዘይት ለስላሳ ነው። ሲያረዳ ያየ አንድ ነጋዴ፣ «እንዲህ ተደርጎ የሚነገር ከሆነስ ከዘመዶቼ አንድ ሁለቱን አልሰስትም» ብሏል ይባላል።

ችሎታው ግን ዕዳ ሆነበት። አንድ ማለዳ ወንፊት ሊዋስ ጎረቤት ቢያንኳኳ፣ ሴትዮዋ በሩን ከፍታ እንዳየችው «ወየው ወንድሜን!» ብላ መሬት ላይ ተፈጠፈጠች። ሰፈሩ ተከተለ። ወንድምዬው በእግሩ መጥቶ «ኧረ አለሁ» እስኪል ድረስ ለቅሶው አልቆመም፤ እሱም ቢሆን ማን እንደሞተ ከመጠየቁ በፊት ለክብር ያህል ትንሽ አልቅሷል። ከዚያ ወዲህ አምባቸው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ጥርሱን ገልጦ፣ እያፏጨ ነው። የማያውቁት እንግዶች ጤና የጎደለው ይመስላቸዋል።

በመርዶው ሥራ ባልደረባው ባለጨርቅ ቤቱ ሙሐመድአሚን ነው። ሁለቱ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ «አብሽሩ» ሲል ሌላው «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፤ አንዳንዴ ይለዋወጡታል። ዘዴያቸውን የማያውቅ የለም። ዘመድ ከያለበት በድብቅ ይሰበሰባል። መርዶው የሚነገረው ሰው ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። «እስኪ ልበስና አንድ ቦታ እንሂድ» ይባላል። ቋንቋውም የታወቀ ነው፦ «ትንሽ አሟታል» ማለት ሞታለች ማለት ሲሆን፣ ማንም ሳይጠይቅ «ደህና ናት» ከተባለ ደግሞ ተቀብራለች ማለት ነው።

አሁን ወደ አምባቸው ልጅ ወደ ዝናሽ እንምጣ። ዝናሽ ቤይሩት ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ ትደውላለች። በማዳሟ ቤት የሕፃናቱም፣ የአሮጊቷም፣ የድመቷም ልደት ሲከበር አየች። ለድመት ኬክ ሲቆረስ ሻማ ይዛ የቆመች ልጅ አባቷን ብታስብ ምን ይደንቃል? በሁለት ሺህ አምስት ጥር ላይ ለዕረፍት ልትመጣ ሲፈቀድላት፣ ለእናቷ ለአልታዬ ደወለችና አባባን በድንገት ልደቱን እናክብርለት አለች።

አምባቸው መቼ እንደተወለደ አያውቅም። እናቱ የነገሩት «የገብሱ እሸት ሲደርስ፣ ቡላዋ ላም በወለደች ማግስት» ብለው ነው፤ በቤቱ የሚታወቀው የጥጃዋ ልደት ነበር። እንዲህ ላለ ሰው ልደቱን መደበቅ ምን ያቅታል? ቀኑ ዝናሽ በምትገባበት ሰሞን ቅዳሜ ማታ ሆነ። ዝናሽ ሐሙስ በጨለማ ገብታ ሙሐመድአሚን ቤት ተደበቀች። አንድ ለአምስት ተደራጁ ሲባል እያዛጋ የተደራጀው ዘመድ ሁሉ፣ ለዚህ ሤራ ያለ ሰብሳቢ ተደራጀ።

ቦታው አዲሱ ሆቴል ነው። ከተማው «ባለምንጣፉ» ይለዋል፤ ከደጁ እስከ ምግብ አዳራሹ ቀይ ምንጣፍ ስለተነጠፈበት፣ ገጠሬው ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ነው የሚገባው። የሆቴሉን ፍሪጅ በዚያ ገደላማ የከተማው መንገድ ያመጡት ሰዎች፣ ሴባስቶፖልን መቅደላ ያወጡት ሰዎች የልጅ ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። ነጩ ፎጣ በወፍ ቅርጽ ታጥፎ ብርጭቆ ውስጥ ይቀመጣል፤ አንድ ሽማግሌ እንዳትበርበት ብሎ በባርኔጣው ከድኗታል።

ሤራው ሲጦፍ አምባቸው በበኩሉ ማየት ጀመረ። እሑድ ዝናሽ አልደወለችም። ቢደውል ስልኳ ዝግ ነው። ሐሙስ የሚስቱ ወንድም ፈንታው ማንም ሳይጠራው ከደጎሎ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ «እንዲያው ናፍቃችሁኝ» አለ። ፈንታው በሃያ ዓመት ውስጥ ማንም ናፍቆት አያውቅም። አምባቸው ወደ ቤት ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ሙሐመድአሚን ዘንድ ቢሄድ በር ላይ አስቁሞ «ቤት እያስቀባሁ ነው» አለው። የሙሐመድአሚን ሚስት ፈርሂያ ከጓዳ ብቅ አለችና፣ አይታው ፈገግ ልትል ስትል አፏን በሻሿ ይዛ ተመለሰች።

ቅዳሜ ከሰዓት አልታዬ ውኃ አሙቃ ጠበቀችው።

«ገላህን ታጠብ። ነጩን ልብስህን አውጥቼልሃለሁ። ማታ አንድ ቦታ እንሄዳለን።»

«የት ነው?»

«የትም! ምንም የለም እኮ። ዝናሽም ደህና ናት።»

«ስለ ዝናሽ ማን ጠየቀሽ?»

አልታዬ አሳላት። ብዙ አሳላት።

አምባቸው ጓሮ ወጣ። ከተሰቀለው ኮርቻ ሥር ተቀመጠና ድምፅ ሳያወጣ አለቀሰ። የሰው ሁሉ እንባ አይቷል፤ የራሱ ግን እንዲህ የሚያቃጥል አልመሰለውም ነበር። ሚስቱ ይህን ሁሉ ቀን ብቻዋን ተሸክማ ውኃ ስታሞቅለት መዋሏ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበው። እንዳወቀ ላያሳያት ወሰነ። ይንገሩኝ፤ ልፋታቸውን ልቀበል አለ።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነው። በማታ መርዶ? መርዶ እኮ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ ነው! ግን አሰላሰለና ገባው። ሠርግ ወደ አዳራሽ ሄደ፤ ስብሰባ ወደ ሆቴል ሄደ፤ መርዶም ሄዷል ማለት ነው። «ሥልጣኔ ይሉታል ይኼን» አለና አፍንጫውን ጠረገ።

ከዚያ ለቤተሰቡ ለማቅለል ብሎ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ካሳ ሄደ።

«ካሳ፣ ድንኳኑን አውጡት።»

«ለማን?»

«ለእኔ ቤት። ለዝናሽ።»

«ምን አልክ?» ካሳ ተነሥቶ ቆመ። «ማን ነገረህ?»

«አልነገሩኝም። ዛሬ ማታ ባለምንጣፉ ሆቴል ሊነግሩኝ ነው። እነሱ እንዳይሰሙ፤ እንዳልደነግጥ ብዙ ደክመዋል።»

ካሳ ዓይኑ እንባ ሞላ። የነገረው ሌላ ሰው ቢሆን ይጠይቅ፣ ያጣራ ነበር። አምባቸው ግን ሞት ነው ካለ ሞት ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ፈንታው አምባቸውን ይዞ ወጣ። አልታዬ ቀድማ ሄዳለች። ፈንታው የተሰጠው ትእዛዝ «እንዳይጠረጥር አጫውተው» የሚል ነው። ፈንታው ደግሞ ጨዋታ አያውቅም።

«ዘንድሮ ጃማ ስንዴው ጥሩ ነው፣ አያ አምባቸው» አለ።

«ፈንታው፣ ወዲህ ና። በግራዬ ሁን እንጂ። የሚወድቅ ሰው በግራ ነው የሚያዘው።»

ፈንታው ግራ እየገባው በግራ ዞረ።

«አጥብቀህ ያዘኝ። ዓይን ዓይኔን አትየኝ። መሬት መሬት እይ።»

«ምነው አያ አምባቸው፣ አሞሃል እንዴ?»

«እኔ አላመመኝም። በርታ አንተ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ይከብዳል። እኔም የመጀመሪያው ቀን ጉልበቴ ከድቶኝ፣ ላረዳው የሄድኩት ሰውዬ ነው ደግፎ ቤቴ ያደረሰኝ።»

ፈንታው አማቹ መጃጀት የጀመረ መሰለው። እንዳይከፋው ብሎ የታዘዘውን ሁሉ አደረገ፤ ጨብጦ ያዘው፣ መሬት አየ፣ አቀረቀረ። በመንገድ ላይ ያዩአቸው ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ምንጣፉ ጋ ሲደርሱ አምባቸው ጋቢውን አውልቆ ለለቅሶ አዘቅዝቆ ለበሰ። በዕቅዱ መሠረት እነ አልታዬ አምባቸው ሲደርስ መብራት አጥፍተው፣ ሲገባ አብርተው እልል ሊሉ ነበር። መብራት ኃይል ግን ቀድሟቸው ከተማውን ሙሉ አጥፍቶላቸዋል፤ እንግዲህ በማን ማብሪያ ይበራል? አዳራሹ ውስጥ ድፍን ጨለማ ነው። በመካከሉ ጠረጴዛ ላይ ሻማዎች ይነድዳሉ። ዘመድ ነጭ ለብሶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ በዙሪያው ቆሟል።

አምባቸው ፍትሐት ላይ የገባ መሰለው። ለሰው ሁሉ ያጠራቀመው ልስላሴ በአንድ ጊዜ ከዳው።

«ወየው ልጄን! ወየው ዝናሽ!» ብሎ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

«መልካም ል...» ብለው የጀመሩት አፋቸው ላይ ቀረ። ከዚያ የአልታዬ እኅት ለቅሶዋን አቀለጠችው፤ «ወየው! ወየው!» ዝናሽ ከጎኗ ቆማ ክንዷን እየነካቻት ነው አክስቷ የምታለቅሰው። ምን ታድርግ? አምባቸው አልቅሶ ተሳስቶ አያውቅማ! አዳራሹ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ፈንታው እንደታዘዘው መሬት መሬት እያየ አነባ። ዝናሽ ራሷ የኬኩን ቢላዋ ጥላ «ማነው? ማን ሞተ?» እያለች ደረቷን መታች።

ሳይደነግጥ የቀረው ሙሐመድአሚን ብቻ ነው። ጎንበስ ብሎ በጆሮው፣

«አንተ አምባቸው» አለው፣ «ሟቿ ካንተ ብሳ እያለቀሰች ነው። ተነሥና አስተዛዝናት እንጂ።»

መብራቱ ቦግ አለ። አምባቸው ቀና ቢል ዝናሽ በሻማዎቹ ማዶ ቆማለች፤ ወፍራለች፤ ኩሏ ወርዶ ጉንጯ ጠቁሯል። አማተበ። ደግሞ አማተበ። ተነሥቶ ሄዶ ጆሮዋን ያዘ፤ ሞቃት ነው። እጇን ገልብጦ አየ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባዬ! ልደትህን ላከብርልህ ነው የመጣሁት።»

«ስልክሽስ?»

«እነ እማዬ አጥፊው ብለውኝ ነው።»

አምባቸው ወደ አልታዬ ዞረ። አልታዬ አሳላት።

ይህ ሳይቋጭ በሩ ተከፈተ። ካሳ ከፊት፣ የእድሩ ሰው ከኋላ፤ ንፍሮ የተሸከሙ ሴቶች፣ አግዳሚ የተሸከሙ ጎረምሶች። ከደጅ ለቅሶውን ሰምተው «ነገሩት ማለት ነው» ብለው ነበር የገቡት። አስተናጋጇ መሰረት ደሴ ሄዳ የሠለጠነች ናት፤ እንግዳን በፈገግታ ተቀበሉ ተብላለች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች ፎጣዋን ክንዷ ላይ ጥላ። «ለስንት ሰው ላዘጋጅ?»

«ለመላው እድር» አለ ካሳ እንባውን እየጠረገ። ከዚያ ዝናሽን አየ። ፊቱ ላይ ደስታም ቁጣም ተጋፉ። «አምባቸው! ድንኳኑ ተተክሏል እኮ!»

«ንቀሉታ!»

«ምን ማለትህ ነው? ድንኳን አንዴ ከተተከለ ሳይቀመጡበት አይነቀልም። ገድ አይደለም።»

«ምግቡስ?» አለች መሰረት። «ክትፎው ተዘጋጅቷል።»

ሽማግሌዎቹ ተማከሩና ግብዣው እንዳለ ወደ ድንኳኑ ይሂድ አሉ። በዚያ ምሽት የመካነ ሰላም ዋና መንገድ እንዲያ ያለ ሰልፍ አይቶ አያውቅም። ከፊት መሰረት ሻማው ገና የሚጤስ ኬክ ይዛ፣ ከኋላዋ ክትፎ፣ ከክትፎው ኋላ ንፍሮ፣ ከንፍሮው ኋላ በብርጭቆ ውስጥ የተቀመጡት የፎጣ ወፎች፤ ፈርሂያ ከኋላ ሆና ለሙስሊሙ እንግዳ ለብቻው የተሠራውን ድስት ተሸክማለች። ሁሉም አምባቸው ደጅ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ንፍሮው ከኬኩ ጋር ተበላ፤ ሰዉም ሳይታሰብ ይስማማሉ ብሎ መሰከረ። ወሬው ያልደረሳቸው የገጠር ሰዎች ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው እየገቡ «እግዜር ያጥናህ» ሲሉ፣ ዝናሽ ራሷ ተነሥታ ትቀበላቸዋለች።

«ሟቿ ማን ናት ልጄ?» ይላሉ።

«እኔ ነኝ። ይቀመጡ፤ ኬክ ይብሉ።»

አንዱ አዛውንት አጥብቀው አይተዋት፣ «መቼም ያንቺ ሞት ጥጋብ አለው» ብለው ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቁ።

አምባቸው የልጁን እጅጌ አልለቀቀም። በሌላው እጁ ኬኩን እየቆረሰ ይጎርሳል።

«ስሚ ዝናሽ» አላት። «ከእንግዲህ ስለ አንቺ የሆነ ነገር ካለ ራስሽ ንገሪኝ። ሰው አትሰብስቢ። አጎትሽን ከደጎሎ አታስጭኚ። ፊት ለፊት፣ ቁርጡን።»

«ቁርጡን?»

«ቁርጡን!»

«እሺ አባዬ። የካቲት ላይ እመለሳለሁ። ውሉን ለሁለት ዓመት አድሼዋለሁ።»

አምባቸው ማላመጡን አቆመ። ጉንጩ በኬክ ተወጥሮ ወደ ሙሐመድአሚን ዞረ፤

«ሰማሃት? እንዲህ ተብሎ ይነገራል?»

«ወላሂ፣ አንተ ነህ ያዘዝካት።»

አምባቸው ዋጠ። የልጁን ፊት ለረጅም ጊዜ አየ።

«እንደገና ትነግሪኛለሽ፤ በደንብ አድርገሽ» አላት። «ኬኩን ስጨርስ።»

እና ኬኩን ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ፍርፋሪ በፍርፋሪ ይበላ ጀመር።