ሱሉልታ ላይ ጃዝ ስመታ

ሰበታ፣ ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት

መናኸሪያው በር ላይ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰርቪስ ይጠብቃሉ፤ ትኩስ ፓስቲ በጋዜጣ ይጠቀለላል። ትንሿን ከበሮዬን፣ ድራመሮች ስኔር የምንላትን፣ በጋቢ ጠቅልዬ ሚኒባስ ልገባ ስል ረዳቱ አስቆመኝ።

"እናት፣ ድስቱ ይከፈልበታል!"

"ድስት አይደለም፣ ከበሮ ነው።"

"እንግዲያው እየመታሽልን ከሄድሽ በነፃ!"

ተሳፋሪው ሳቀ። ለከበሮዋም የአንድ ሰው ሂሳብ ከፍዬ ታቅፌያት ተቀመጥኩ።

የምሄደው ሱሉልታ ነው። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ሆቴል ግቢ የሚጫወት የጃዝ ባንድ አለ። ድራመራቸው ከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሲገባ መመላለሱ አቃተውና ለቀቀ። ዛሬ ከተግባባን ቦታው የኔ ነው፤ ካልሆነ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። እስካሁን የመታሁት ቤተ ክርስቲያን፣ ከመዘምራን ጋር ብቻ ነው። ጃዝን የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ስለሆነ ይመስለኛል፣ አንብቤ ያልጨረስኩትን ነገር አልደፍርም።

ቡራዩ፣ ረፋድ

ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ቶለሳ በአሮጌ ኮሮላው ጠበቀኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተደረገ ሰርግ ላይ ከመዘምራን ጋር ስመታ ሰምቶ ለባንዱ የጠቆመኝ እሱ ነው። የጊታሩ አንገት በሁለታችን መሀል እስከ ማርሹ ደርሷል።

"አካም ቡልቴ! እንዴት አደርሽ፣ ፈራሽ እንዴ?"

"ኖታ አላችሁ?"

"ኖታ?" መሪውን እየመታ ሳቀ። "ኖታችን ኦቦ ደበላ ናቸው፣ ሳክስፎን የሚነፉት ሽማግሌ። እሳቸውን ማየት ብቻ ነው።"

ይሄ ለኔ መልስ አይደለም። ዘፈኑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ የት እንደሚያበቃ ጠየቅኩት።

"ውይ አንቺ! ሲያበቃ ታውቂዋለሽ።"

ሱሉልታ፣ ከሰዓት

እንጦጦን ተሻግረን ስንወርድ ሜዳው ተዘረጋ፦ የሣር ክምር፣ ወተት የጫነ ባጃጅ፣ ጆሮ የሚቆርጥ ነፋስ። ሆቴሉ ግቢ ጥብስ ቸስ ይላል። ኦቦ ደበላ ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም አሉኝ፤ ልምምድ የለም፣ ወዲያው መድረክ። ትንሿን ከበሮዬን እዚያ ከተተከሉት ከበሮዎችና ከነሐሶቹ ሲምባሎች መሀል አስቀመጥኳት።

የችክችካ ምት ጀመሩ። ይሄንማ አውቀዋለሁ! ገባሁ። ቤዙ በእግሬ ከምመታው ትልቁ ከበሮ ጋር ገጠመ፤ ሳክስፎኑ ከፍ ሲል ሲምባሉን ከፈትኩለት፣ ሽማግሌው ዞር ብለው በቅንድባቸው አመሰገኑኝ። በደስታ የምይዘው ጠፋኝ፤ ከወንበሬ እየተነሳሁ እመታለሁ። ድንገት ኪቦርዱም፣ ቤዙም፣ ሳክስፎኑም ቆሙ።

እኔም ቆምኩ።

በኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ዝም ሲሉ ከበሮ ብቻውን አይጮህም፤ ነውር ነው። እዚህ ግን ሁሉም ቆመው እኔን ያያሉ። ጭብጨባም የለም። አንድ ሰውዬ የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ ቀርቷል። ያኔ ገባኝ፦ ቦታውን የለቀቁት ለኔ ነው። ብቻዬን እንድመታ።

"ጀባዱ!" አለኝ ቶለሳ በሹክሹክታ። በርቺ ማለቱ ነው።

ከከበሮዋ ጠርዝ ጀመርኩ፣ በስሱ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ከዚያ ችክችካውን ሰባበርኩት፤ ገጠምኩት፤ እንደገና በተንኩት። የትም ያላነበብኩትን መታሁ። ሰውየው ጉርሻውን መሶቡ ላይ ጥሎ በሁለት እጁ ማጨብጨብ ሲጀምር ሳክስፎኑ ተመልሶ ገባ፤ ግቢው በፉጨት ተናጋ።

ከመድረክ ስንወርድ ይቅርታ ልጠይቅ ቀረብኩ። "ኦቦ ደበላ፣ ዘፈኑ ያለቀ መስሎኝ ነው የቆምኩት።"

"አውቄብሻለሁ።" ሳክስፎናቸውን ይወለውላሉ። "ያቺን ዝምታ ግን እንዳትተያት። የዛሬ ሳምንትም እዚያው ላይ ቀጥ እንላለን።"

የዛሬ ሳምንት! መጮህ አማረኝ። ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ነገር ነበር።

"ዝምታው ስንት ምት ይሁን?"

"እኔ ምን አውቄ?" አሉ ቀና ሳይሉ። "ድራመራችን አንቺ አይደለሽ?"