የደጋ አየር፣ የቆላ እህል

ገብስ ሲቆላ የሚነሣው ሽታ፣ ፍሬው ቀላ ማለት ሲጀምር የሚመጣው ያ ሞቅ ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል ሽታ፣ ዛሬም ከጎንደር ፒያሳ ቁልቁል ስወርድ ከአንዱ ግቢ ወጥቶ በድንገት ሲያገኘኝ፣ አብሮኝ የሚሄደው ሰው ምራቁን ሲውጥ የእኔ እጅ ሳላዘው ሆዴ ላይ ያርፋል። ሽታው መጥፎ ሆኖ አይደለም። በልጅነቴ ከሸተቱኝ ነገሮች ሁሉ የሚጥመው እሱ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚቆላው ለእኔ ተብሎ ነበር።

ቤታችን ከቅዳሜ ገበያ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር ነበር። አባቴ አያቴ ባረጀበት ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። እናቴ ዘሃራ፣ ታላቅ ወንድሜ ኑሩ፣ አባቴና እኔ፣ አራት ነበርን። ሕመሙ መቼ እንደጀመረኝ አላስታውስም፤ እናቴ ጡት ከተውሁ በኋላ ነው ትላለች። አንዱን ሳምንት ያስቀምጠኛል፣ በሚቀጥለው ደርቆብኝ አለቅሳለሁ፤ ሆዴ ተነፍቶ እጅና እግሬ ይሰልላል፣ አፌ ውስጥ ቁስል ይወጣል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ እቀመጥ ነበር። የሰፈር ልጆች «ከበሮዋ መጣች!» እያሉ ሆዴን በጣታቸው ሊመቱ ይሮጡ ነበር። ኑሩ ይደባደብልኛል፣ ተደባድቦ ሲመለስ ግን እሱም አቧራውን እያራገፈ «አንቺስ ምነው እንደ ሰው አትወፍሪም?» ይለኝ ነበር።

ያልሄድንበት ክሊኒክ አልነበረም። አንዱ አሜባ ነው አለ፣ ሌላው ጃርዲያ፣ ሦስተኛው ታይፎይድ። ክፋቱ ሁሉም ጥቂት ጥቂት እውነት ነበራቸው። አንድ ጊዜ በእርግጥም ወስፋት ተገኝቶብኝ፣ መድኃኒቱን ውጬ ወጥቶልኝ፣ ሁላችንም «አልሐምዱሊላህ፣ ለካ ይኸው ነበር» ብለን ሳንጨርስ፣ ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ ሆዴ እንደገና ተነፋ። ጎረቤቶቻችን ዓይን ነው አሉ፣ ሼኩም ቁርኣን ቀሩብኝ። ድምፃቸው ደስ ስለሚለኝ እስኪጨርሱ ድረስ የዳንሁ ይመስለኝ ነበር።

በቤታችን ሆዱን የታመመ ልጅ እንጀራ አይበላም ነበር። እርሾው ሆድ ያቦካል፣ በርበሬው ይቆርጣል ተብሎ ትኩስ ዳቦ በሻይ፣ ጠዋትና ማታም የገብስ አጥሚት ይሰጠዋል። እኔ ሁልጊዜ የታመምሁ ስለነበርሁ ሁልጊዜ የምበላው ያንኑ ነበር። ሦስቱ መሶቡን ከብበው፣ እጃቸው እየተነካካ፣ ኑሩ የአባቴን ወገን ቆርሶ «ድንበር አለፍህ!» ተብሎ ሲሳቅበት፣ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ዳቦዬን እየነከርሁ አያቸው ነበር። ማንም ክፉ አልነበረም። አባቴ ለእኔ ብቻ የሚገዛትን ዳቦ እንዳትበርድ በኮቱ ሥር ሸጉጦ ነበር ከገበያ የሚመጣው።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ደባርቅ እላክ ነበር። በአገራችን ደካማ ሰው ደጋ ይውጣ፣ አየር ይለወጥለት ይባላል፤ ቆላ የሚታመሙበት፣ ደጋ የሚድኑበት መሆኑን ማንም ጠይቆ አያውቅም። የአባቴ እህት ሩቂያ እዚያ ትኖር ነበር። ልጅ ስላልነበራት ክረምቱን ሙሉ የእሷ ልጅ ሆኜ እከርማለሁ። ጭጋጉ ከበሩ እስከ አጥሩ ያለውን ይውጠዋል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ለመነጋገር መጮህ ነው፤ አክስቴ ግን ገብሷን ቆልታ፣ ፈጭታ፣ በሶውን በቅቤና በጨው ለውሳ፣ ጭብጦ እያደረገች በእጄ ታስይዘኝ ነበር።

«ብይ እንጂ ሰሚዬ! ገብስ የእህል ንጉሥ ነው፤ ይህን ሁሉ ተራራ ሰው የሚወጣው በምን ይመስልሻል?»

«ጠገብሁ፣ አክስቴ።»

«በዚች? ድመቴ እንኳ ከዚህ ትበልጣለች!»

እበላ ነበር። ቀምሼ ስተወው ፊቷ ጥቁር ስለሚል እበላ ነበር። ከዚያ በዝናብ ውስጥ ወደ ጓሮ ስሮጥ በመስኮት ታየኛለች፣ ረጥቤ ስመለስ ብርድ መትቷት ነው ብላ ሌላ ትኩስ አጥሚት ታቀርብልኛለች። እሷ ባበላችኝ ቁጥር እኔ እታመማለሁ፣ እኔ በታመምሁ ቁጥር እሷ ታበላኛለች፤ ሁለታችንም ደክመን ክረምቱ ያልቅ ነበር። በመስከረም፣ ሜዳው አበባ ሲለብስ፣ አባቴ ሊወስደኝ መጥቶ ብድግ ሲያደርገኝ ካለፈው ዓመት የቀለልሁ መሆኔን ከፊቱ አነብበዋለሁ። ከመኪናው እስክንወርድ ድረስ እጄን አይለቅም ነበር።

ዐሥር ዓመት የሞላኝ ጊዜ፣ በጥቅምት፣ ከሳንጃ መልእክት መጣ። የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ሐሰን እዚያ የሰሊጥ ነጋዴ ነበሩ፤ ሚስታቸው ወልዳ አልጋ ላይ ቀርታለች፣ አጨዳው ደርሶ ሠራተኛ ግቢውን ሞልቶታል፣ የሚያበስል የለም። እናቴ መሄድ ነበረባት፣ አባቴ ሱቅ ስለሚውል እኔንም የምትተውለት ሰው አልነበራትም። ሰፈሩ በአንድ አፍ ተነሣባት።

«ይችን የጠወለገች ልጅ ይዘሽ ወደ ወባ አገር?» አሏት ጎረቤታችን፤ «እንግዲያው ከፈኑንም አብረሽ ያዥ!»

ሳንጃ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። ስንዴና ገብስ ከደጋ ተጭኖ የሚመጣ ነገር ስለነበር በአያ ሐሰን ቤት አይታሰብም፤ የሚበላው የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮና ወተት ነበር። እናቴ ለዚያ ሁሉ ሠራተኛ እያበሰለች ለእኔ ለብቻዬ የምታዘጋጅበት ጊዜ ስላልነበራት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር ከአንድ ማዕድ መብላት ጀመርሁ። በርበሬው ያቃጥለኛል፣ ዓይኔ ያነባል፣ እበላለሁ። እጄ ከሌላ እጅ ጋር መጋጨቱ ብቻ ያጠግበኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሆዴ ለሰለሰ። በኅዳር አፌ ዳነ። በታኅሣሥ፣ በተከመረው የሰሊጥ ነዶ መካከል ከልጆች ጋር ስሯሯጥ፣ አያ ሐሰን ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ካዩኝ በኋላ ወደ ማድቤት ተጣሩ።

«ዘሃራ! ይችው ናት የምትሞተው?»

እናቴ እጇን እየጠረገች ወጥታ አየችኝና ሳትስቅ ተመለሰች። ሦስቱን ወር ሙሉ ግንባሬን እየዳሰሰች ንዳዱን ስትጠብቅ ነበር፤ ደስታን አላመነችውም።

በጥር ስንመለስ አባቴ በሩ ላይ አላወቀኝም። ጉንጭ አውጥቼ ነበር። በዚያው ቀን ትልቅ ዳቦ አስጋግሮ ጎረቤቱን ጠራ፣ «ከፈኑንም ያዥ» ያሉት ሴትዮም መጥተው «ማሻአላህ! ሸጋ ልጅ አልነበረች ኖሯል?» እያሉ ጉንጬን ቆነጠጡ። አባቴ ዳቦውን በቢላ ከፍሎ የመጀመሪያውን ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ሰጠኝ። በሳምንቱ አፌ ቆሰለ። ከዚያም ሁሉም እንደነበረው ሆነ።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቻለሁ፣ እነሱ የተኛሁ መስሏቸዋል።

«አገሩ ነው» አለ አባቴ። «ጎንደር አልተስማማትም። ከወንድምሽ ዘንድ ትደግ።»

«ልጄን ልስጥ?»

«ትኑርልሽ እንጂ ዘሃራ። የትም ትኑር።»

እናቴ የልብሴን ሣጥን ስትከፍት ሰማሁ፤ እሺ ማለቷ እንደሆነ አወቅሁ። ሳንጃን እወደው ነበር። ግን እዚያ እንግዳ ነበርሁ፤ እንግድነት የሚያምረው ወደ ቤት የሚመለሱ ሲሆን ነው። ማንም ሳይቆጣኝ፣ ማንም ሳያባርረኝ፣ የገዛ ቤቴ የሚገድለኝ ልጅ ሆኜ ነበር። በማግስቱ ኑሩ የሱን ሻንጣ ከአልጋ ሥር አውጥቶ በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝ፤ «መልሽልኝ እሺ» አለኝ፣ እንደሚመለስ ግን ሁለታችንም አላመንንም።

ከመሄዴ በፊት እናቴ ስለ ወባ መከላከያ ልትጠይቅ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ያገኘናት ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየች፣ ጥፍሮቼን አየች፣ ዕድሜዬን ጠይቃ ቁመቴን ደግማ ለካች። እናቴ ሁሉንም ተረከችላት፤ አሜባውን፣ ወስፋቱን፣ የደጋውን አየር፣ የቆላውን አየር። ሐኪሟ አዳምጣ ስትጨርስ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ሰሚራ፣ ሳንጃ ምን ምን ትበይ ነበር?»

ስለ ሆዴ ሰው ሁሉ ሲነጋገር እኔን የጠየቀኝ እስከዚያ ቀን ማንም አልነበረም። «የማሽላ እንጀራ» አልሁ። «ወተት። ሽሮ። አንድ ቀን ዓሣ።»

«ዳቦስ?»

«የለም።»

«በሶ? ቂጣ? አጥሚት?»

«እዚያ ገብስ የለም» አልኋት። «ገብስ ያለው እዚህ ነው።»

እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሊሆን ይችላል አለች እንጂ ነው አላለችም። አንዳንድ ሰው ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ አንድ ነገር አንጀቱን እንደሚያቆስልበት፣ ቁስሉም የሚበላው ምግብ ለሰውነቱ እንዳይደርስ እንደሚያደርግ፣ ጤፍና ማሽላ ግን ያ ነገር እንደሌለባቸው ነገረችን። ምርመራው አዲስ አበባ እንጂ እዚህ አይገኝም ነበር። እናቴ «ከዛሬ ጀምሮ ዳቦ በደጄ አያልፍም!» ብላ ስትነሣ ሐኪሟ እጇን ያዘቻት።

«አይሆንም እትዬ፣ ገና አያቁሙባት። ካቆመች ደሟ ላይ ላይታይ ይችላል። ሳንጃ ብዙ ስለቆየች ደሟ እስኪወሰድ አንድ ወር ያህል ትብላ።»

አባቴ ይህን ሲሰማ ከሱቁ ወንበር ተነሥቶ መልሶ ተቀመጠ። «እያወቅሁ?» አለ።

ያ ወር የመጋቢት ወር ነበር፣ አቧራና ነፋስ የበዛበት። በየጠዋቱ አባቴ ዳቦዋን አምጥቶ፣ ቆርሶ፣ በፊቴ አስቀምጦ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጥ ነበር። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት «ብይልኝ» ሲል የኖረ ሰው ያቺን ቃል ማውጣት አቃተው። ኑሩ ማንም ሳያየው ግማሹን ሊበላልኝ ሲሞክር እናቴ እጁን መታችው፣ መትታም አቅፋው አለቀሰች። እኔ እየነከርሁ በላሁ። ሆዴ ተነፋ፣ አፌ ቆሰለ፣ ነገር ግን በዚያ ወር ብቻዬን አልታመምሁም፤ ሦስቱም አብረውኝ ይታመሙ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አባቴ አዲስ አበባ ወሰደኝ፣ ደሜን ሰጠሁ፣ ቆይቶም ቱቦ በጉሮሮዬ አስገብተው ከአንጀቴ ቅንጣት ቁራጭ ወሰዱ። ውጤቱ በሰኔ መጣ። ሐኪሟ የጠረጠረችው ነበር። የኑሩ ሻንጣ ወደ አልጋው ሥር ተመለሰ።

ያኔ ደግሞ ሌላ ሥራ ተጀመረ። እናቴ ለጤፌ ለብቻው ምጣድና ወንፊት ገዛች፣ ወፍጮ ቤትም ስንዴ ከመግባቱ በፊት ገና በሩ ሲከፈት ቀድማ ትደርስ ነበር። ወፍጮው ትናንት የፈጨው ስንዴ እንዳይቀላቀል መጥረግ ስትጀምር ባለ ወፍጮው «ዘሃራ፣ ነገ ደግሞ ሳሙና ይዘሽ ነይና አካሉን እጠቢው!» ይላት ነበር። እሷም «አንተም አብረህ ብትታጠብ አይከፋም» ብላ መጥረጓን አታቆምም። አክስቴ ሩቂያ ነገሩን ስትሰማ ከደባርቅ ወርዳ መጣች። ባዶ እጇን የመጣችው ያን ቀን ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆማ መዳፎቿን እየገለበጠች «በእጄ! በገዛ እጄ!» ትል ነበር፤ ልስማት ስጠጋ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀችው።

አሁን አድጌአለሁ፣ ዳገቱን ሳልቀመጥ እወጣዋለሁ። ባለፈው ጥር ኑሩ ሲያገባ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የሰርግ እንጀራ ቅይጥ ነው፣ ጤፉ ውስጥ ምን እንደገባ ጋጋሪዋም አታውቅም፤ ስለዚህ እናቴ የእኔን በክዳን ሳህን ለይታ አምጥታልኝ ነበር። አክስቴ ሩቂያ አርጅታለች፣ ግን ሴቶቹን እየዞረች፣ ለእያንዳንዳቸው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ፣ «በሞቴ!» እያለች ታጎርሳቸው ነበር። እኔ ዘንድ ስትደርስ እጇ አየር ላይ ቆመ። አየችኝ፣ አየኋት። ጉርሻውን አጠገቤ ላለችው ልጅ አጎረሰቻት፣ እኔንም በክንዷ፣ ጣቶቿን አርቃ፣ ራሴን ደባበሰችኝና አለፈች።

ያኔ ሆዴ እየቆሰለ ሁሉም ሊያበላኝ ይሻማ ነበር፤ ዛሬ ሆዴ ድኖ የሚያጎርሰኝ የለም፣ ስለሚወዱኝ ነው። ከነሱ አንዱንም አልቀየምም። ሳህኔን አንሥቼ ወደ ሴቶቹ ማዕድ ጠጋ አልሁ። ወዲያው ተገፋፍተው ቦታ ለቀቁልኝ፣ አንዷም ፈገግ ብላ፣ ፍርፋሪ እንዳይደርስብኝ መሶቡን ከእኔ ሳብ አድርጋ አራቀችው።