የተአምረ ማርያም ጸሐፊ ፍለጋ አራዳ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። እኔ ብራና ፋቂ ነኝ፤ ፊደል ቆጥሬ ነው የቀረሁት፣ ጽሑፌ ቢወላገድ አንባቢ ይታገሠኝ። የደብራችን ተአምረ ማርያም በጣሊያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተቃጠለ። እስከ ዛሬ ከጎረቤት ደብር እየተዋስን ነው የሚነበበው። ሽማግሌዎቹ፣ «አራዳ ወርደህ ጸሐፊ ፈልግ፤ ደህና ሰው ካጣህ የታተመውን ይዘህ ና» አሉኝ። የታተመ ይዤ አልመለስም።

ብራናዬን ጠቅልዬ ጭነት መኪና ጋ ቀረብሁ። ሹፌሩ አሸተተና፣
«አባባ፣ ቆዳ የያዘ ሰው ከኋላ ከጤፉ ጋር ነው» አለኝ።
«ብራና ነው። ካንተ ካፖርት ይልቅ ንጹሕ ነው» አልሁት።
ሳቀና ጋቢና አስገባኝ።

አራት ሰዓት፣ ጊዮርጊስ

ከዚህ እስከ ፒያሳ ሱቁ ሁሉ መስታወት ነው። የግሪክ ጨርቅ፣ የአርመን ጫማ። አንድ ጉራጌ ቤት ሻይ ጠጥቼ ትኩስ ዳቦ በላሁና ሽማግሌዎቹ ስሙን ወደነገሩኝ ጸሐፊ ቤት ገባሁ። ልጅ እግር ነው፤ ኮት ለብሷል። መጽሐፉን በወርቅ ቀለም ያስጌጣል፣ መኳንንቱ በሩ ላይ ናቸው። ያምራል። ግን ጌጡን በእጄ ሸፍኜ ፊደሉን ብቻ ሳየው ይቸኩላል።

«አንተ ስትጽፍ የማንን እጅ ታያለህ?» አልሁት።

ይቆጣል ብዬ ነበር። የዘረጋሁለትን ብራናዬን ዳሰስ አደረገና ከሳጥኑ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ቅጠል ብራና አወጣ።

«የመሪጌታ ሀብቴን። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነው የሚኖሩት። እዚህ ያለን ጸሐፊዎች ሁሉ እሳቸውን እያየን ነው የምንጽፈው። ገበያተኛ ግን አያውቃቸውም፤ ወርቅ አይቀቡ፣ ሥዕል አይጨምሩ፣ ሲጽፉም ቀስ ይላሉ።»
«ታዲያ ለምን ጠቆምኸኝ? ገበያህ ነኝ።»
«አባቴ፣ ብራናዎን አየሁት። እኔ ብጽፍበት ያሳዝነኛል።»

ስምንት ሰዓት፣ ዶሮ ማነቂያ

ቤቱ ቤት ላይ ተደግፏል፤ መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። አንዲት ጠላ ሻጭ ጠየቅሁ።
«እኚያ ጎባጣው ሽማግሌ? ጸሐፊ ናቸው እንዴ?» አለችኝ።

መሪጌታ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የመጣሁበትን ብነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።
«ብርዕ ከያዝሁ ዓመት አለፈኝ። ሰዉ የታተመውን ለምዷል። ለማን ብዬ ልድከም?»
«ለእኔ» አልኋቸው። «ማንበቡ ያስቸግረኛል፤ ጥሩ ፊደል ሳይ ግን አውቃለሁ።»
«እርስዎ ደረቅ ሰው ነዎት።»
«ነኝ።»

ብራናውን ዘረጋሁ። አንዱ ስፍቀው ተቀዶብኝ በጅማት ሰፍቼዋለሁ፤ ከሥር ልሸሽገው ስል ቀድመው ሳቡት። ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ወደ ብርሃን አነሡት።

«ይህን ስፌት አውቀዋለሁ» አሉ። «አንድ ጸሐፊ ወዳጄ ቤት፣ ዳዊት ላይ አይቼዋለሁ። ማን ሰፋው ብዬ ብጠይቅ የሚያውቅ አጣሁ።»

አርባ ዓመት ስፍቅ፣ ማን ፋቀው ብሎ የጠየቀ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር። «እኔ ነኝ» አልኋቸው።

ገብተው የቀለሙን ቀንድ ይዘው ወጡ። ቀለሙ ደርቋል። ውሃ ጠብ አድርገው ያሹት ጀመር።
«በዚህ በተሰፋው እጀምራለሁ። ቀሪውን ብራና በየወሩ ያምጡ፤ ከሌላ ሰው እጅ አልቀበልም።»
«የተሰፋ ብራና የመጀመሪያ ገጽ ይሆናል? ሽማግሌዎቹ ይጮሁብኛል።»
«ይጩሁ።»

ዓርብ፣ ደብረ ብርሃን

ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቁኝ።
«ወርቅ አለው?»
«የለውም።»
«ሥዕልስ?»
«የለውም።»
«ታዲያ ምን አለው?»
«ጸሐፊ አለው» አልኋቸውና የሚቀጥለውን የፍየል ቆዳ ልዘፈዝፍ ወደ ቤቴ ሄድሁ።