የተጎነደለው ቡናዬ

ወታደር ቤት አንድ ነገር በደንብ ተምሬያለሁ፤ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ሲናገር ቀድሞ ተመካክሯል ማለት ነው። ግዳጄን ጨርሼ ዲላ እናቴ ቤት ስገባ የገጠመኝም ይኸው ነበር። እናቴ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ «ኮሌጅ ግባ ልጄ» አለችኝ። የወንድሜ ሚስት ከገጠር፣ ከባንኮ ጎቲቲ ቆጮ ይዛ መጣችና የያዘችውን እንኳ ሳታስቀምጥ «ቢዝነስ ተማር፣ ላንተ የሚሆነው እሱ ነው» አለች። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ደውሎ ያንኑ ደገመው። በልጅነቴ አንድ ቀን «ደብተርህን ያዝ» ብሎኝ የማያውቅ ሰው።

ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? ጠረጠርኩ።

እኔ እኮ የራሴ እቅድ ነበረኝ። አባታችን ባንኮ ጎቲቲ ያለውን የቡና መሬት ለሁለታችን አካፍሎን ነው የሞተው፤ የላይኛው ለወንድሜ፣ የታችኛው ለኔ። እኔ በሌለሁበት ሁለቱንም የያዘው እሱ ነው። ያሰብኩት ድርሻዬን ገደብ ከተማ ላለ አንድ ቡና አቅራቢ ለተወሰነ ዓመት በኮንትራት ሰጥቼ ባጃጅ ልገዛ ነበር። ፍሬውን እሱ ያስለቅማል፣ እኔ ዲላ ላይ ተማሪ እጭናለሁ። ገና ካምፕ ሳለሁ ለአቅራቢው በስልክ ነግሬዋለሁ። ለቤተሰብ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ምን ሲደረግ? ባጃጁ በር ላይ ሲቆም ያዩታል።

እናቴን ላለማስቀየም ብዬ ኮሌጁን ላየው ሄድኩ። ታች የሞባይል መሸጫ፣ ላይ ኮሌጅ የሆነ ፎቅ ነው። መዝጋቢዋ ገና ስታየኝ ፈገግ አለች።

«ከሠራዊት የተመለሱት እርስዎ ነዎት አይደል? ወንድምዎ መጥተው ነግረውናል። ቦታ ይዘንልዎታል።»

ወንድሜ! ገደብ ገበያ መሄድ እንኳ የሚታክተው ሰው፣ እኔ ሳልመጣ ዲላ ድረስ መጥቶ ቦታ አስይዞልኛል። አመስግኜ ወጣሁ፤ ነገሩ ግን አልጣመኝም። ሰው ወንድሙን ለማስተማር እንዲህ የሚሮጠው ከመሬቱ ሊያርቀው ሲፈልግ ነው። ተማሪ ቡና አይኮተኩትም። ተማሪ ፈተና አለብኝ ይላል፣ ለበዓል ብቅ ብሎ ይመለሳል። ትምህርቱን እስኪጨርስ ድንበሩ የት እንደነበር ማን ያስታውስለታል?

በማግስቱ ለማንም ሳልደውል ተነሳሁ። እስከ ገደብ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር። ወንድሜ ቤት ሳልገባ በቀጥታ ወደ ታችኛው መሬት ወረድኩ። እንሰቱ አለ። ዋንዛዎቹም እንደቆሙ ናቸው። ቡናዬ ግን የለም። ከጉልበት በታች በመጋዝ የተቆረጠ ጉቶ ብቻ፣ በየጉቶው ቡቃያ ተንጨባሮበታል። ቀና ብዬ ወደ ላይኛው አየሁ። የወንድሜ ቡና አንድ ቅርንጫፍ አልተነካበትም።

ጉንደላ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ የገበሬ ልጅ ነኝ። ያረጀ ቡና ሲጎነደል እንደ አዲስ ያቆጠቁጣል፤ ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። የሁለታችንም ቡና አባታችን በአንድ ዘመን የተከለው ነው። ታዲያ ለምን የኔ ብቻ? ደሜ ፈላ። ጉቶ በኮንትራት የሚወስድ አቅራቢ የለም። ባጃጄ እዚያው ሞተ።

ወንድሜ አይቶኝ ኖሮ እየሮጠ መጣ። «መጣህ እንዴ? ምነው ሳትነግረን?» አለ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው።

«ነገ ሶንጎ ፊት እነግርሃለሁ» አልኩት።

ሶንጎ የኛ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት ቦታ ነው፤ ወንድምን እዚያ ማቆም ቀላል ነገር አይደለም። ሚስቱ ግቡና እየበላችሁ ተነጋገሩ ብላ ለመነችኝ። እምቢ ብዬ ጎረቤት አደርኩ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ የሆዴን ዘረገፍኩት። መሬቴን ሊበላ ነው አልኩ። ኮሌጅ የሚሰደኝ ለዚህ ነው፣ ቡናዬን የቆረጠውም ተስፋ ቆርጬ እንድተውለት ነው አልኩ። ወንድሜ አላቋረጠኝም። ተራው ሲደርስ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«የገደቡ አቅራቢ የሱን ቡና ሲያይ አገኘሁት። ወንድምህ በኮንትራት ሊሰጠኝ ነው አለኝ። ለኔ የነገረኝ የለም። ይኼ ሰው አንዴ ከገባ አይወጣም፤ የጎረቤታችን መሬት ላይ እንዲሁ ገብቶ ቀርቶበታል። ስለዚህ ጎነደልኩት። ቡናው አርጅቶም ነበር። እሱ ተምሮ ሲጨርስ ያፈራል ብዬ ነው።»

«ያንተስ አርጅቶ የለም? ለምን ተውከው?» አሉት አንዱ ሽማግሌ።

«የኔንም ብጎነድል በምን አስተምረዋለሁ?»

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «አቅራቢውን የላክኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እኔ ወንድሜን እንደ ሌባ ስጠብቀው፣ ለካ እሱም እኔን ሲጠብቅ ነው የከረመው። አፈርኩ፣ ደግሞም ተናደድኩ። ሳይጠይቀኝ መቁረጡ አሁንም ያበግነኛል። ሽማግሌዎቹም ለዚህ ወቀሱት፤ ለኔም አቅራቢውን እንድተወው ነገሩኝ። የኮሌጁን ነገር ግን «እሱን ራስህ እወቀው» ብለው ለኔው ተዉት።

ከሶንጎ አብረን ተመለስን። የታችኛው መሬት ዳር ስንደርስ ወንድሜ ቆመ። ከጉንደላ በኋላ በየጉቶው ጠንካራ ጠንካራው ሁለት ሦስት ቡቃያ ይቀርና ሌላው ይቆረጣል። የኔ ጉቶዎች ጊዜው አልፎም አልተነኩም።

«ለምን አልመረጥከውም?» አልኩት።

«አንተን ጠብቄ ነዋ። ደህና ደህናውን ቆረጠብኝ እንዳትለኝ።»

ከቤቱ የመግረዣ መቀስ አምጥቶ አቀበለኝ። ብቻዬን ገብቼ መምረጥ ጀመርኩ። አንዱ ጉቶ ላይ ግራ ገባኝና ልጠይቀው ዞር አልኩ። ከድንበሩ ወዲያ ቆሟል፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ። እኔ በሌለሁበት ያን ሁሉ ጊዜ የኮተኮተውን መሬት እንዳይረግጥ ተጠንቅቆ ነው የቆመው። እንባዬ መጣ።

«ና ግባ እንጂ» አልኩት። «ይኼኛው አልገባኝም፣ አንተ ምረጠው።»

ትንሽ አመነታና ገባ። ሰኞ ዲላ ሄጄ ተመዘገብኩ። መዝጋቢዋ አሁንም ፈገግ አለች፤ እሷን ግን እስከ ዛሬ አላመንኳትም።