ዥዋዥዌው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ

እሑድ፣ ኅዳር ወር ውስጥ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ። ሻርጃ፣ አል መጃዝ፣ ከምንኖርበት ሕንፃ ጀርባ ባለችው የልጆች መጫወቻ ውስጥ እህቴ አንድ የማታውቀውን ሰው ከዥዋዥዌ ላይ እንዲነሳ ጠየቀችው። ሰውየው አልተነሳም።

እህቴ ዱባይ፣ አል ባርሻ፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ታበስላለች፣ ታጸዳለች፣ የማዳሟን ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። የዕረፍት ቀኗ እሑድ ነው። እኔና ባለቤቴ ኪራዩ ከዱባይ ስለሚረክስ አል መጃዝ ነው የምንኖረው፤ እሷም እሑድ ጠዋት በሜትሮና በአውቶቡስ ትመጣና ማታ ትመለሳለች። በዚያ ሰሞን ልጇ በጉብኝት ቪዛ መጥታ እኛ ዘንድ ሰንብታ ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ወደዚህ አገር ስትመጣ ልጅቷ ገና ዳዴ ትል ስለነበር ያሳደገቻት ደሴ ያለችው እናታችን ናት። "እማዬ" የምትለውም እናታችንን ነው። እህቴን ምንም ብላ አትጠራትም። የምትፈልገው ነገር ሲኖር መጥታ አጠገቧ ዝም ብላ ትቆማለች፤ አለዚያም ለእኔ ትነግረኛለች።

ሌላም ነገር ነበር። እናታችን ለልጅቷ "እናትሽ ትልቅ ቢሮ ነው የምትሠራው" ብላ ነግራታለች። ጎረቤት ሲጠይቅ የሚባል ነገር ነው፤ ልጅቷም የሰማችውን አመነች። እኛ ቤት በገባች ማግስት ባለቤቴን "እናቴ የራሷ ኮምፒውተር አላት" አለቻት። ይህን ለእህቴ በስልክ ነገርኳት። "ከሰው አፍ ሳትሰማው እኔው ራሴ እነግራታለሁ። እናንተ ምንም እንዳትሏት" አለችኝ። ምንም አላልናትም። እሑድ መጥቶ በሄደ ቁጥር ግን ነገሩ ከእህቴ አፍ አልወጣም።

ከዥዋዥዌው ቀን በፊት በነበረው እሑድ አጅማን፣ የባሕር ዳርቻው ላይ ወስጃቸው ነበር። ምንጣፋችንን አንጥፈን እንደተቀመጥን ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል የነበሩ ወጣቶች ሺሻ አቀጣጠሉ። ጭሱ በቀጥታ ልጅቷ ላይ መጣና አሳላት። ልነግራቸው ስነሳ እህቴ የሸሚዜን እጅጌ ያዘችው።

"ተወው ጋሼ። ሙሽኪላ፣ ጣጣ አልፈልግም።"

ምንጣፉን ጠቅልለን ራቅ አልን። እዚያ ደግሞ ሌሎች ድምፅ ማጉያ ይዘው መጥተው ከጎናችን ተከሉት። እንደገና ጠቀለልን። በመጨረሻ ምሳችንን የበላነው ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ነው፤ ሌላ ሰው ያልፈለገው ቦታ እሱ ብቻ ነበር። እህቴ እየበላች አስረዳችኝ። "እኔ ከሰው ጋር ከተጨቃጨቅኩ ፖሊስ ይጠራል። ፖሊስ ለማዳም ይደውላል። ማዳም ለኤጀንሲ ትደውላለች። ከዚያ ኸላስ፣ አበቃልኝ።" ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚሆን ማረጋገጥ አልችልም። አብራት ከአገር ቤት በመጣች አንዲት ሠራተኛ ላይ እንደደረሰ ግን ነግራኛለች።

ወደ ዥዋዥዌው ልመለስ። መጫወቻዋ ትንሽ ናት፤ አንድ ሸርተቴና ሁለት ዥዋዥዌ አላት። ከሁለቱ የአንዱ ሰንሰለት ተበጥሶ ስለነበር የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ሰውየው አርባ ዓመት ግድም ይሆነዋል። እግሩ ሥር ሁለት ትልልቅ ፌስታሎች አስቀምጧል፤ ከአገር ቤት እየመጡ ዱባይ፣ ዴራ ገበያ በጅምላ የሚገዙ ነጋዴዎቻችን የሚሸከሙት ዓይነት። ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኖ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ከእናቱ ጋር በቪዲዮ ያወራል። ወሬው ወተቷ ስለነጠፈ አንዲት ላም ነበር። የላሟን ነገር መጫወቻው በሙሉ ሰማ፤ ቋንቋው የገባን ግን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ሁለት ሕንዳውያን ሕፃናት ተራ እየጠበቁ ቆይተው ሲሰለቻቸው ወደ ሸርተቴው ሄዱ።

የእህቴ ልጅ አልሄደችም። እኛ ወደተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበር መጥታ እናቷ አጠገብ ቆመች። እንደ ወትሮዋ ዝም ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ዥዋዥዌ እፈልጋለሁ" አለቻት። ከመጣች ጀምሮ እናቷን አፍ አውጥታ ስትጠይቅ ስሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው።

እህቴ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። እኔም ተነሳሁ።

"አንተ ቁጭ በል" አለችኝ። "አንተ ከሄድክ የወንድና የወንድ ጠብ ይሆናል። እኔ በአረብኛ እነግረዋለሁ።"

"ሐበሻ እኮ ነው፤ አልሰማሽውም?"

"ሰምቼዋለሁ። ለዚያ ነዋ!"

ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ሐበሻን በአማርኛ ያነጋገረች ሴት ከየት ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ፣ የት ነው የምትሠሪው መባሏ አይቀርም። በአረብኛ ከተናገረች ግን ማንም ልትሆን ትችላለች። ሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ ሴቶች ሱቅ ውስጥም አውቶቡስ ላይም ወገናቸውን እያወቁት በአረብኛ ያልፉታል።

የልጅቷን እጅ ይዛ ሄደች። እኔ ከተቀመጥኩበት ሁሉም ይሰማኝ ነበር።

"ሎ ሰመሕት" አለችው፤ እባክህ እንደማለት ነው። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቦታው የልጆች እንደሆነና አንዲት ልጅ ተራ እየጠበቀች እንደሆነ በአረብኛ ነገረችው።

ሰውየው ቀና ብሎም አላያት። በእጁ ቆይ የሚል ምልክት ሰጣትና ወሬውን ቀጠለ።

"ማነው ልጄ? ሰው መጣብህ?" አሉ እናቱ ከስልኩ ውስጥ።

"ማንም አይደለም እማዬ። አንዷ ገረድ ናት። በአረብኛዋ ታስታውቃለች፤ የማድቤት አረብኛ ነው። የማዳሟን ልጅ ይዛ መጥታ ተነስ ትለኛለች።" ሳቀ። "እዚህ አገር ገረዱም ሹም ሆኗል እኮ!"

ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እህቴ አልተንቀሳቀሰችም።

"ገረድ አልክ?" አሉ እናቱ።

"እንዲያው ነው እማዬ። አይገባትም እኮ።"

"ባይገባትስ! እህትህ ጅዳ የሄደችው ምን ልትሆን ነው? ተሹማ ነው? ይኸ ከላዬ ያለው ቆርቆሮ በማን ብር ነው የተመታው?"

"እማዬ፣ ቀስ በይ፤ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ደግሞስ አንተ ምን ላይ ነው የተቀመጥከው? ወዲያ ወዲህ እያልክ ዓይኔን አዞርከው እኮ!"

እህቴ በአማርኛ የተናገረችው ያን ጊዜ ነው።

"ወንድሜ፣ የማዳም ልጅ አይደለችም። የኔ ልጅ ናት።"

ሰውየው ብድግ ሲል ዥዋዥዌው ተመልሶ ከኋላ ጉልበቱን መታው።

"ሐበሻ ነሽ እንዴ? ዋላሂ አላወቅኩም እህቴ! ዋላሂ!"

"ሐበሻ ባልሆንስ?"

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ፌስታሎቹን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

"ስልኩን ስጣት" አሉ እናቱ።

"እማዬ፣ አሁን እኮ..."

"ስጣት አልኩህ!"

ሰጣት። እኔም ከአግዳሚው ተነስቼ ቀረብኩ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የጥቁር ሻሽ ጠርዝና ግንባር ብቻ ነበር፤ እናቶቻችን ስልክ ሲይዙ እንዲያ ነው።

"የኔ ዓለም፣ አገርሽ ወዴት ነው?"

"ደሴ ነኝ፣ እማማ።"

"የኛው ነሻ! እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?"

ክፋት የሌለው ጥያቄ ነበር፤ ማንም እናት የሚጠይቀው። እህቴ ወደ ልጇ ዝቅ ብላ አየች። ልጅቷም እሷን ነበር የምታየው። ቢሮ ነው የምሠራው ብትል ኮምቦልቻ ሆኖ የሚያጣራ ሰው አልነበረም።

"ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ እማማ" አለች። "አል ባርሻ የሚባል ሰፈር። አበስላለሁ፣ አጸዳለሁ፣ ልጆች አሳድጋለሁ። ልጅዎ ሥራዬን አልሳተም። ልጄ ፊት እንዲያ ብሎ መናገሩ ነው የከፋኝ።"

"አብሽሪ የኔ ልጅ። አፉ በይኝ በሞቴ።"

እኛ ዘንድ፣ ወሎ ውስጥ፣ ሰው ያስቀየመ "አፉ በሉኝ" ብሎ ይለምናል፤ የተቀየመው "አፉ ብያለሁ" እስኪል ነገሩ አያልቅም። ስድቡን የሰማ ሰው ካለ እሱ ባለበት ነው የሚደረገው።

"እርስዎማ ምን አደረጉኝ" አለች እህቴ። "እሱ ይበለኝ እንጂ።"

"ሰማህ አንተ?"

"አፉ በይኝ እህቴ" አለ ሰውየው፣ መሬት መሬት እያየ።

"አፉ ብያለሁ።"

"ትንሿንም በላት" አሉ እናቱ። "እሷም ጆሮ አላት።"

ሰውየው ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለ። "አፉ በይኝ፣ ማሚዬ።"

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። "ምን ልበለው?"

"የፈለግሽውን በይው።"

ጥቂት አሰበች። "አሁን ልቀመጥበት?" አለችው።

"ተቀመጪ እንጂ! ዋላሂ እኔው ራሴ እገፋሻለሁ!"

"አይ፣ እሷ ትግፋኝ።"

እናትየው ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ረጅም ምርቃት መረቁን፤ ለእህቴ ጤና፣ ለልጅቷ ዕድሜና ትምህርት፣ ለልጃቸው ደግሞ ልብ እንዲሰጠው ለመኑ። ሁላችንም አሚን አልን፤ ሰውየውም አብሮን አለ። ከዚያ ከአንዱ ፌስታል ሮዝ የልጅ ጫማ አውጥቶ፣ ተቀበሉኝ እያለ ልጅቷ እግር ላይ ለካው። ጠበባት።

"በሌላ ጊዜ ስመጣ በቁጥሯ አመጣላታለሁ" አለ።

"ይልቅ የላሟን ነገር ተከታተል" አለችው እህቴ።

መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ሳቀ። ፌስታሎቹን አንጠልጥሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

እህቴ ልጇን ትገፋት ጀመር። እኔ የተበጠሰውን ዥዋዥዌ ምሰሶ ተደግፌ ቆሜ ስለነበር የተባባሉትን ሰምቻለሁ።

"ቢሮ አይደለም?"

"አይደለም።"

"ኮምፒውተርስ?"

"የለኝም። እኔ ያለኝ መጥረጊያ ነው።"

"ልጆቹ ስንት ናቸው?"

"ሁለት።"

"እነሱንም ዥዋዥዌ ትገፊያቸዋለሽ?"

ዥዋዥዌው ሄዶ ተመለሰ፤ እንደገና ሄዶ ተመለሰ።

"እገፋቸዋለሁ" አለች እህቴ።

ልጅቷ ፀሐይ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ስትገባና አዛን ሲሰማ ወረደች። ወደ ቤት ስንሄድ የያዘችው የእኔን እጅ ነበር። ባለቤቴ እራት እያቀረበች ሳለ እህቴ ወደ በረንዳው ጠራችኝ።

"አበላሸሁት?"

"አላውቅም" አልኳት። አላውቅም ነበር።

"ቢያንስ ከእኔ አፍ ሰማችው።"

"መጀመሪያ የሰማችው ከእሱ ነው።"

"ገረድ የሚለውን ነው ከእሱ የሰማችው። ሥራዬን የነገርኳት እኔ ነኝ" አለች። ይህንንም ደግሜ ሳስበው ልክ ነበረች።

ልጅቷ እራቷን ጥሩ አድርጋ በላች። እናቷ ጫማዋን ልታስርላት ስታጎነብስ እግሯን ዘረጋችላት፤ ፊቷን ግን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙራ ነበር።

እህቴን ለመሸኘት ሦስታችን ወደ ሮላ አውቶቡስ ጣቢያ ሄድን። እሑድ ማታ ጣቢያው ሳይመሽባቸው ወደሚሠሩበት ቤት ለመድረስ በሚጣደፉ ሴቶች ይሞላል። የዱባዩ ሰልፍ እስከ መንገዱ ጠርዝ ደርሷል። ከፊታችን አንዲት የአገራችን ልጅ ቆማለች፤ የእህቴ እኩያ ትሆናለች፣ በእጇ በፎይል የተጠቀለለ ምግብ ይዛለች። አማርኛችንን ስትሰማ ዞር ብላ እህቴን ሰላም አለቻት። እህቴም በአማርኛ መለሰችላት። ሴትየዋ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች።

"ማሚዬ፣ አንቺም ዱባይ ልትሄጂ ነው?"

"አይ፣ እኔ እዚህ ነኝ" አለች ልጅቷ። "እናቴ ናት የምትሄደው። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። እሑድ ትመጣለች።"

"እኔም እሑድ ነው የምወጣው" አለቻት ሴትየዋ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። እህቴ ልጇን ግንባሯ ላይ ስማት ገባች። አውቶቡሱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። እህቴ የተቀመጠችው በእኛ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ ነበር፤ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ ልጇን ታያት ነበር።