ሁለቱ የጠላቂ ሰዓቶች በሽማግሌ ፊት

ባለፈው ጥር፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ደብረ ታቦር በሚገኘው በአባቴ ቤት ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው በሁለት የእጅ ሰዓቶች ላይ የቀረበ ክርክር ሰሙ። ሰዓቶቹ ጠላቂዎች ባሕር ውስጥ የሚያስሯቸው ዓይነት፣ ውድ የሚባሉ ናቸው። ተከራካሪዎቹ ሁለቱ ወንድሞቼ ነበሩ።

ጋዜጠኛ ነኝ። በሥራዬ ብዙ ሽምግልና ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ የድንበር፣ የበሬ፣ የጋብቻ፣ የደምም ጭምር። በሰዓት የተነሳ ሽማግሌ ሲቀመጥ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ከሰማኋቸው ሁሉ እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በልደት ነው። አባታችን ልደት አክብረው አያውቁም። መቼ እንደተወለዱ ሲጠየቁ «ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ» ይላሉ። አዲስ አበባ የሚኖረው የታላቅ ወንድሜ የደሳለኝ ልጆች «ጥቂት» የሚለውን አራት ብለው ተረጎሙትና አያታቸው ዘንድሮ ሰማንያ እንደሚሞላቸው አወጁ። ቀኑንም ቅዳሜ አደረጉት፤ ለሁሉም ይመቻል ተብሎ። የተቃወመ አልነበረም። አባታችንም አልተቃወሙም፤ ስላልተጠየቁ።

እኔ ስጦታው ከሦስታችንም በአንድነት ይሁን የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ለዚህ ግን ደሳለኝና ታናሽ ወንድሜ ባዩ መነጋገር ነበረባቸው። እነሱ ደግሞ እናታችን ካረፈች ወዲህ አይነጋገሩም።

እናታችን ያረፈችው ከዚያ ጥር ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ ነው። ባዩ ባሕር ዳር ስለሚኖር ወዲያው ደረሰ። ደሳለኝ ገና መንገድ ላይ ሳለ ቀብሩ ተፈጸመ፤ እሱ የደረሰው ቀባሪው ከመቃብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ነው። «ማን ነው ቅበሩ ያለው?» ብሎ ጮኸ። ባዩ «እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል የተነገረ ነገር ካለ በእኔ በኩል ያለፈ ነው።

ስለ ስጦታውም የተነጋገሩት በእኔ ስልክ ነው። ደሳለኝ ፊቱ ጥቁር የሆነ ሰዓት ፎቶ ላከልኝና «ለአባዬ የሚመጥነው ይኸ ነው፤ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው» አለኝ። ባዩ ደግሞ ሰማያዊ ላከ። «የእሱ የነጋዴ ሰዓት ነው በዪው» አለ። አልኩት። ሁለቱም የጠላቂ ሰዓቶች ናቸው። እኛ እስከምናውቀው ከጉልበቱ በላይ ውኃ ውስጥ ገብቶ ለማያውቅ ሰው ለምን እንዳስፈለገ ሁለቱንም ለየብቻ ጠየቅኳቸው። ደሳለኝ «ምንም አይበግረውም» አለ። ባዩ «ሃምሳ ዓመት ቢያስሩት አይበላሽም» አለ። ተቀባዩ ሰማንያ እንደሚሞላቸው ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ እኔም አላስታወስኳቸውም።

አንዱም ስላልተሸነፈ ሁለቱም ገዝተው ላኩ። ሳጥኖቹን አባታችን ፊት አስቀመጥኩና አንዱን እንዲመርጡ ለመንኳቸው። አባታችን በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሳጥኖቹን ከፈቱ፣ ዐዩ፣ መልሰው ዘጉ።

«ባለጉዳዮቹ የት አሉ?» አሉኝ።

«አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ባሕር ዳር።»

«ባለጉዳይ ሳይቀርብ አልመርጥም። ይምጡና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ያስረዱ። የቀረ፣ በሌለበት ይወሰንበታል።»

ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላለፍኩ። ለፋሲካም ለእናታችን ተዝካርም አንድ ቤት ያልተገናኙ ሰዎች፣ በሌሉበት እንዳይወሰንባቸው ፈርተው መጡ።

ቅዳሜ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ የሰፈራችን ቄስ፣ አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰብሳቢው አያ ተገኘ የአባታችን አብሮ አደግ ናቸው፤ ከጉና ተራራ ሥር በበቅሎ የወረዱ፣ ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ፣ አገሩ ለዕርቅ የሚጠራቸው ሰው። ሁለቱ ሰዓቶች ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ወንድሞቼ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ደሳለኝ ያመጣው ኬክ ቡፌው ላይ ሆኖ ፍርዱን ይጠብቃል።

«የታላቅ ይቅደም» አሉ አያ ተገኘ።

ደሳለኝ ጥቁሩን አነሣ። «ይኸ ሦስት መቶ ሜትር ውኃ ውስጥ ቢሰጥም ጠብታ አይገባበትም።»

አያ ተገኘ ወደ ባዩ ዞሩ። «አንተ ጣና ዳር ነህ። ጣና ምን ያህል ይጠልቃል?»

«አሥራ አራት ሜትር ገደማ ነው የሚሉት።»

«ታዲያ የቀረውን ሜትር ምን ልናደርገው ነው?»

ቄሱ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አያ ተገኘ አባታችንን «አንተስ፣ ዋና ትችላለህ?» ብለው ጠየቁ።

«ልጅ ሆኜ የርብ ወንዝ ሊወስደኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልሞከርኩም።»

«ይመዝገብ» አሉ አያ ተገኘ። የሚመዘግብ ሰው አልነበረም።

ደሳለኝ ቀጠለ። በሰዓቱ ዙሪያ ያለውን ቀለበት እያዞረ፣ ጠላቂው የቀረውን አየር የሚያሰላው በእሱ እንደሆነ፣ የሚዞረውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሆነ አስረዳ። «በስሕተት ቢነካ እንኳ የቀረውን ጊዜ ያሳጥራል እንጂ አያረዝምም።»

«እንደኛ ዕድሜ ነዋ!» አሉ አያ ተገኘ።

ባዩ ተራው ደረሰው። ሰማያዊውን ሰዓት በመሐረቡ ወልውሎ አቀረበ። ባትሪ የለውም፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን ይሞላል፣ እጅ ላይ ካልዋለ ግን ይቆማል አለ።

መምህሩ አባታችንን እያዩ «እና እሱ ጋደም ሲል ሰዓቱም አብሮት ጋደም ይላል?» አሉ።

«ዋናው ነገር» አለ ባዩ፣ ሳቁን እንዳልሰማ ሆኖ፣ «ጊዜ አያዛንፍም። ይሄ ሰዓት ካለ የሚያረፍድ የለም።»

ደሳለኝ ሳቀ። ጥሩ ሳቅ አልነበረም። ከዚያ በእኔ በኩል ሳያደርግ፣ ፊት ለፊት ለወንድሙ ተናገረ።

«አንተ ነህ ስለ ማርፈድ የምታወራው? እናቴን አፈር ስታለብስ ሰዓት አይተህ ነበር? ትንሽ መታገሥ አቅቶህ?»

አያ ተገኘ አልደነገጡም። ሁለቱን ሰዓቶች አንስተው ወደየሳጥናቸው መለሱና ክዳኑን ገጠሙ።

«አሁን ጉዳዩ ቀረበ» አሉ።

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጉዳዩ ሰዓት ይመስለኝ ነበር።

«ባዩ፣ ልጄ፣ ቅበሩ ያለ ማን ነው?»

ባዩ ምንጣፉን እያየ «እኔ ነኝ። ያኔም ተናግሬያለሁ» አለ።

«ተው ባዩ» አሉ አባታችን።

«አባዬ፣ ይቅር በቃ…»

«ተው አልኩህ። እኔ ነኝ።» ወደ ደሳለኝ ዞሩ። «ስልኩ እምቢ ብሎ ነበር። የት እንደደረስህ የሚያውቅ የለም። ዝናቡም አላባራም። ይህ ልጅ፣ ደሳለኝ እስኪደርስ ትደር ብሎ እግሬ ላይ ወድቋል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ተጋድማ እያየኋት ሌላ ሌሊት ማንጋት አልቻልኩም። አቃተኝ። ኋላ አንተ መጥተህ ስትጮህ እሱ ቀደመኝና እኔ ነኝ አለ። በል ብዬ አልላክሁትም። ግን ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ዝም አልኩ።»

የቀብሩ ዕለት እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ስንቱን ሰው «ማን ነገረህ? አንተስ ባይንህ አይተሃል?» እያልኩ ሳስጨንቅ የኖርኩ ሰው ይህን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ባዩ «እኔ ነኝ» ብሎ ነበር። አንድ ምንጭ በቂ መስሎኝ።

ደሳለኝ ወጣ። ባዩ ሊከተለው ሲል አያ ተገኘ በእጃቸው ምልክት አስቆሙት። በመስኮቱ በኩል ደሳለኝ ባሕር ዛፉ ሥር ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ይታየኝ ነበር። ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ርሷል። የቆመው ግን መጀመሪያ በነበረበት ቦታ ነው። ባዩን ቀና ብሎ አላየውም።

አሁን «ይቅር ተባባሉ» ይባላል ብዬ ጠበቅሁ። አያ ተገኘ ግን ወደ ሰዓቶቹ ተመለሱ።

«በዚህ በስጦታው ላይ ችግር አለ» አሉ። «ለሰማንያ ዓመት ነው ያላችሁት?»

«አዎ» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

«እኔ ገና ሰባ ስምንቴ ነው። ይኸ ሰው ክርስትና ሲነሳ እኔ በእግሬ ሄጄ ድግሱን በልቻለሁ። በየት በኩል ቀድሞኝ ነው ሰማንያ የገባው?»

«አንተማ ዕድሜህን መቀነስ የጀመርከው ሚስት ስትፈልግ ነው!» አሉ አባታችን።

«ባለጉዳይ ሽማግሌን አይዘልፍም» አሉ አያ ተገኘ።

የሁለቱንም ዕድሜ ለማረጋገጥ ኋላ ሞክሬ ነበር። አልቻልኩም።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። የስጦታው ጊዜ አልደረሰም። ጉዳዩ ለመጪው ጥር ሳይሆን ለዚያኛው ጥር ይቀጠራል። የዚያን ዕለት ሁለቱም ወንድማማቾች እዚሁ ቤት ይቀርባሉ። እስከዚያ ሰዓቶቹ በሽማግሌ እጅ ይቆያሉ።

«ለመቅረባችሁ ዋስ ጥሩ» አሉ አያ ተገኘ።

በእኛ አገር ሽምግልና ቀጠሮ ያለ ዋስ አይሰጥም። ዋሱ ባለጉዳዩ ቢቀር የሚጠየቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት፣ እዚያው በቦታው ያለ መሆን አለበት።

ባዩ ፈጥኖ «እቴ ስመኝ ትሁነኝ» አለ። ስመኝ እኔ ነኝ። ተቀበሉኝ።

«እኔም ስመኝን» አለ ደሳለኝ።

«አንድ ሰው ለሁለት ወገን ዋስ አይሆንም። ሌላ ጥራ።»

ደሳለኝ አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ ቢያነሳ ብዙ ሰው ይሰበሰብለታል። በዚያ ሳሎን ግን ዓይኑን ወዲያ ወዲህ አዞረ። ቄሱና መምህሩ ዳኞች ናቸው። አባታችን የጉዳዩ ባለቤት ናቸው። እኔ ተይዣለሁ። አያ ተገኘ አላጣደፉትም፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው ጠበቁት።

«ባዩ ይሁነኝ» አለ በመጨረሻ።

«ማን? ባላጋራህ?»

«ወንድሜ።»

ሽማግሌዎቹ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። ቄሱ እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ አላየሁም አሉ። መምህሩ የሚከለክልም አልሰማሁም አሉ። አያ ተገኘ ባዩን አዩት።

«ቢቀር የምትጠየቅ አንተ ነህ። ገብቶሃል?»

«አይቀርም» አለ ባዩ። «አይቀርም፣ እኔ አውቀዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁ። እኛም አሜን አልን። ከዚያ ኬኩ ቀረበ። የደሳለኝ ልጆች በቁጥር ቅርጽ የተሠራ የሰማንያ ሻማ ልከው ነበር፤ አያ ተገኘ ከውሳኔው ጋር ይጋጫል ብለው እንዳይለኮስ ከለከሉ። ያለ ሻማ ተበላ። አባታችን ሁለት ጊዜ አስደገሙ።

ሰዓቶቹን አያ ተገኘ ወሰዷቸው። «ካልተንቀሳቀሱ ይቆማሉ ብላችኋል፤ አደራ ደግሞ ሲቆም አልወድም» አሉና አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ እጃቸው አስረው በቅሏቸው ላይ ወጡ። በየካቲት ገበያ ወርደው ሳገኛቸው ሁለቱም እጃቸው ላይ ነበሩ፤ ቀለበቶቹ ውስጥ የድንች ማሳ አፈር ገብቷል። የትኛው እንደሚሻል ጠየቅኳቸው። «የግራው ይቸኩላል» አሉኝ። የግራው የማን እንደሆነ አጣርቻለሁ፤ ጉዳዩ በቀጠሮ ላይ ስለሆነ አልጽፈውም።

ያን ቀን ሳስብ እስካሁን ያስቀኛል። ደግሞ ሳቄን ሳልጨርስ ሌላ ነገር ይመጣብኛል። አባታችን ከሁለቱ ሰዓቶች የትኛውን እንደወደዱ ጠይቄያቸው አልመለሱልኝም። ሽማግሌዎቹን ማን እንደጠራቸውም ጠይቄያለሁ፤ እሱንም አልመለሱልኝም።

የቀረኝ የእሑዱ ነው። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ወንድሞቼ አባታችንን መሐል አድርገው ወደ እናታችን መቃብር ሄዱ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ደሳለኝ ጃኬቱን አውልቆ ለባዩ ሰጠውና ተንበርክኮ በመቃብሩ ዙሪያ የደረቀውን ሣር በእጁ መንቀል ጀመረ። ባዩ ጃኬቱን ክንዱ ላይ አድርጎ አጠገቡ ቆመ።