የአንድ ሰዓት መድኃኒት

አባቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ሠራተኞቹ «ደቂቃ» ይሉታል። ጨርቅ ከቀለም ገንዳው አንድ ደቂቃ ቀድሞ ከወጣ «ይሄ ጨርቅ ነው ወይስ ቡራቡሬ በሬ?» ብሎ ይጮኽና መልሶ ያስነክራል። ቤትም ገብቶ ያው ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ባል ሳይሆን ደወል ነው ያገባሁት» ትል ነበር።

ሽንቱ መቅላት ሲጀምር ማንም አልደነገጠም፣ እሱም ጭምር። የማቅለሚያ ሰዎች የራሳቸው የሆነ ሞኝነት አላቸው። ቀይ ገንዳ ላይ ሲሠሩ ሰንብተው ላባቸውም፣ ምራቃቸውም፣ የጥፍራቸው ሥርም ስለሚቀላ፣ ሽንታቸው ሲቀላ «ቀዩ ላይ ነበርክ ማለት ነው» ተባብለው ይሳሳቃሉ። አባቴ ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ሲስቅ ከረመ። እኔ ያወቅሁት የዓመት ፈቃድ ወጥቶ ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ የሽንት ቤቱን ውሃ ሳይለቅ የወጣ ጊዜ ነው።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀለም ነዋ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ገንዳው አጠገብ ሳትደርስ?»

ተመልሶ ገብቶ ውሃውን ለቀቀው። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ሐኪሙ በመሣሪያ አይቶ የሽንት ፊኛው ውስጥ ካንሰር እንዳለ ሳያድበሰብስ ነገረን። «ትልቁን ዕጢ በዓይኔ አየዋለሁ» አለ። «የሚያስፈሩኝ ከግድግዳው ጋር ተለጥፈው የማይታዩት ትንንሾቹ ናቸው። እነሱ ካመለጡኝና ሥር ከሰደዱ ፊኛውን እንዳለ ለማውጣት እንገደዳለን።» ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አለ። በቀጭን ቱቦ ፊኛው ውስጥ ይጨመርና አንድ ሰዓት ይያዛል። የታመመው ሥጋ መድኃኒቱን ይጠጣዋል፤ ከዚያ ሰማያዊ መብራት ሲበራበት እንደ ፍም ይቀላል። መብራቱ ታዲያ ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው በወር አንድ ቀን ብቻ ነው።

«አንድ ሰዓት ይችላሉ ጋሼ?» አለችው በቀጠሮው ቀን ነርሷ መድኃኒቱን ጨምራ ቱቦውን እያወጣች።

«እኔን ነው ስለ ሰዓት የምትጠይቂኝ?»

እኔም ደረቴን ነፍቼ «ሲስተር፣ ለእሱስ አታስቢ» አልኳት። ምላሴን ይቁረጠው!

ሃያ ደቂቃ ሲሆን ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ግማሽ ሰዓት ሲሆን አንሶላውን ጨምድዶ ያዘ። ነርሷን ልጥራት ስለው ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። ትንሽ ቆይቶ «እስቲ ጋዜጣ ግዢልኝ» አለ። አባቴ ጋዜጣ ሲያነብ አይቼ አላውቅም፤ ግን ሐሳቡን ሊያስረሳው ፈልጎ ነው ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ተረጋግቶ ተኝቷል። ሰዓቱ ሲሞላ ነርሷ መጣችና «ያዙት?» አለችው።

«ያዝኩት» አላት።

ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው ሲወጣ ትልቁን ዕጢ እንዳወጣ፣ ሌላ የቀላ ነገርም እንዳላየ ነገረኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። በሦስተኛው ቀን አባቴን ይዤ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ለአክስቴ ደውዬ ምሥራቹን እየነገርኳት ሳለ አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

«ዝጊው።»

«አክስቴ እኮ ናት፣ እህትህ!»

«ዝጊው አልኩሽ።»

ዘጋሁት። እሱ በመስኮት ወደ ውጭ ነበር የሚያየው።

«ጋዜጣ ልትገዢ ስትወጪ ሽንት ቤት ገባሁ። መድኃኒቱን ሁሉንም ለቀቅኩት። ገና ሠላሳ አምስት ደቂቃው ነበር።»

ንዴቴ መጣ። «ታዲያ ለምን ዋሸህ? እኔስ ምን ልሁን ብለህ ነው?»

«ምን ላድርግ? አንቺ ፊት ልሽና? ልጄ ፊት?» ፊቱን ከመስኮቱ አላነሳም። «ስንቱን ሰው ጨርቁ ቀለም አልያዘም ብዬ አዋርጃለሁ። የኔም አልያዘም እኮ። ሐኪሙ ያላየው ስለሌለ ይሁን ስላልቀላ፣ በምን ይታወቃል?»

ልጮህበት አስቤ ነበር፤ አንጀቴን በላውና አልቻልኩም። ሾፌሩን «እባክህ፣ ወደመጣንበት አዙረው» አልኩት።

ሐኪሙ አልተቆጣም። «ባይነግሩኝ ቀጠሮዎ ከሦስት ወር በኋላ ነበር» አለውና፣ መብራቱ በሚመጣበት በሚቀጥለው ወር ቀጠረው። ያን ቀን አባቴ አፍ አውጥቶ «ልጄ፣ ውጪና በሩን ዝጊው» አለኝ። ነርሷ ከሥሩ ላስቲክ አነጠፈችለት፣ ማስታገሻም ሰጠችው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሲያቃስት ሰማሁት። አንዴ «ስንት ቀረኝ?» ብሎ ጮኸ። ነርሷ «አሥራ ሁለት» ስትለው እኔም ከውጭ አብሬው ትንፋሼን ያዝኩ። ሰዓቱ ሞላለት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ ጭንብሉን እያወረደ መጣ። «አራት ቦታ ቀልቶ አገኘን። አውጥተናቸዋል። አንደኛው ሥር መስደድ ጀምሮ እንደሆነ ምርመራው ይነግረናል።»

«ባለፈው ወርም ነበሩ?»

«ነበሩ» አለ።

ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ «ስንት?» አለኝ። ልዋሸው አሰብኩ።

«አራት።»

እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እናቴ ስትሞት እንኳ ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ነው የዘጋው። አሁን ግን ፊቱን አላዞረም፣ «ውጪ»ም አላለኝም።